ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፣ ቢሮ ቁጥር 214

መስከረም 18

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህ ይብዛ፣ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደስ ሲለው ነው የሚታዘዘኝ። እናትህም ደህና ናት፣ ሳመው ብላሃለች።

ከመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ስሰናበት ባልደረቦቼ ስልክ እንደሸለሙኝ ነግሬሃለሁ። መጀመሪያ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። አሁን ግን ጓደኛ ሆነን፣ አጎትህ የሚያስተምርበትን፣ አንተም የምትሠራበትን ዩኒቨርሲቲ ፈልጌ የወንድሜን ገጽ አገኘሁት። ስልኩ ራሱ ይተረጉምልኛል፤ አንዳንዴ ይቀባጥራል እንጂ። ፎቶው አለ። የአፈር ሳይንስ መምህር ይላል። ቢሮ ቁጥር 214፣ ተማሪዎችን የሚቀበልበት ሰዓት ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ይላል። ከታች በደቃቃ ጽሑፍ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ነሐሴ 30» የሚል አለ።

ይህቺን ቀን ሳይ ደሜ ፈላ። ነሐሴ 30 ማለት ትናንት እንደ ማለት ነው። ሰውየው ገጹን ቁጭ ብሎ ያያል፣ ቀን ይጽፍበታል፣ ለእኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል የለውም። በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ልኬለታለሁ፤ ግልባጩ ሁሉ እጄ ላይ አለ። ያደረግኩትን በደል አልክድም። እናታችን ያረፈች ጊዜ የመጨረሻ ፈተናው ደርሶ ስለነበር ሞቷን አራት ወር ደብቄበታለሁ። ሲሰማ ሁለት መስመር ላከልኝ፦ «ለፈተናው ብለሽ ከሆነ ፈተናውን አልፌያለሁ። ከእንግዲህ ስለ ቤት አትጻፊልኝ።» ሌላ ነገር የለም።

አንተ እዚያ ባሕር ማዶ ከሄድክ ስድስት ዓመትህ ነው፣ ስለሱ ስጠይቅህ «ደህና ነው» ከማለት ሌላ አታውቅም። አሁን ቢሮውም ሰዓቱም ታውቋል። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ሂድና በሩን አንኳኳ። እህትህ እንደተቀየምካት ነህ ወይ ብላሃለች በለው። አዎ ካለም አዎ ይበል፣ ቁርጤን ልወቅ።

ስልክ ደውዬ ብጠይቅህ ደስ ባለኝ፣ አታነሳም። ስለዚህ በወረቀት መልስልኝ።

አክስትህ


ጥቅምት 14

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ። ስልክ ያላነሳሁት ሥራ ስለሚበዛብኝ ነው።

ስለ ገጹ ለጠየቁኝ፣ እንዳይሳሳቱ ላስረዳዎ። እኔ የምሠራው እነዚህን ገጾች የሚቆጣጠረው ቢሮ ውስጥ ነው። ደንብ አለን፣ አርባ ሁለት ገጽ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ባለቤት ሊኖረው ይገባል። ባለቤቱ በየአሥራ ሁለት ወሩ ገጹን አይቶ፣ ያለው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ያረጋግጣል። እርስዎ ያዩት ቀን ያ ነው። ባለቤት የሌለው ገጽ ይነሳል። ፎቶ ከአምስት ዓመት በላይ ማስቆየት አይቻልም። ከፎቶው ሥር ማየት ለማይችሉ ሰዎች ሥዕሉን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ መኖር አለበት። ጥያቄ የላከ ሰው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት።

እንግዲህ ባለቤት ሲባል ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማለት አይደለም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አንዳንድ ገጽ ላይ ሰውየው ባለቤት ነው፣ አንዳንዱ ላይ የትምህርት ክፍሉ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተወክሎ ነው። ስለዚህ ቀኑን አይተው አንድ ነገር መደምደም ያስቸግራል።

አጎቴ ደህና ናቸው። ትንሽ ሥራ ይበዛባቸዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔም ስብሰባ አለብኝ።

እናቴን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለገጽ ጠባቂው፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ቁጭ ብዬ፣ በመጨረሻ ለእናትህ ጮክ ብዬ። ሁለታችንም ግራ ገባን። እኔ ስለ ሰው ጠየቅኩህ፣ አንተ አርባ ሁለት ገጽ ደንብ ዘረገፍክልኝ። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል ብሎ ነገር ምንድነው? መዝገብ ቤት እንዲህ ብመልስ ኖሮ በሁለተኛው ቀን ባባረሩኝ።

ይሁን። አንተ ካልሄድክ ራሴ አንኳኳለሁ ብዬ፣ ገጹ ግርጌ «ስህተት ካዩ ያሳውቁን» የሚለውን ነካሁት። ሳጥን ወጣ። በራሳችን ቋንቋ ጻፍኩበት፣ ሌላ ቋንቋ ከየት ላምጣ? እንዲህ ነው ያልኩት፦

«አንደኛ፣ በዚህ ገጽ ላይ ያለው ሰው ጥያቄ ይቀበላል ተብሏል፣ ነገር ግን ለእህቱ አይመልስም። ሁለተኛ፣ ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ስህተት ነው።»

ሁለተኛውን ላስረዳህ። እዚህ ኔትወርክ ሲደክም ፎቶው አይመጣም፣ አንተ የነገርከኝ ለዓይነ ስውራን የተጻፈው ብቻ ይመጣል። «መነጽር ያደረጉ፣ ፈገግ ያሉ ሽማግሌ» ይላል። ፎቶው ሲመጣ ደግሞ አየሁት። ልጄ፣ ያ ሰው ፈገግ አላለም። እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ወንድሜ ነው። እናታችን «አቶ ለምን» ያለችው ጥያቄው ስለማያልቅ ነው፤ መልስ ሲጠፋው ግን ልክ እንደዚህ ከንፈሩን ከፈት አድርጎ ዝም ይላል። ይህ ፈገግታ አይደለም፣ ግራ መጋባት ነው። ፎቶ አንሺው ፊት ቆሞ ምን ግራ አጋባው?

ሳጥኑ ቁጥር ሰጥቶኛል፣ 3306። አሥር የሥራ ቀን ስላልክ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር እየሰረዝኩ ጠበቅኩ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ነው። መልስ የለም። እናንተ ራሳችሁ ደንባችሁን የማታከብሩት ለምንድነው?

አክስትህ


ታኅሣሥ 2

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ጤንነትዎን እመኛለሁ። በችኮላ ነው የምጽፈው።

እባክዎን በሳጥኑ ሌላ አይላኩ። የላኩት የደረሰው አለቃዬ ጋ ነው፤ ማንበብ ስላልቻለች ተርጉምልኝ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። አጠገቧ ቆሜ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። «ለእህቱ አይመልስም» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

ገጹ ሊነሳ ይችል ይሆናል። አንድ ቀን ከፍተው ቢያጡት አይደንግጡ፣ የአሠራር ጉዳይ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 28

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታውን በልብህ ያዘው፣ ዛሬ ለመመረቅ አንደበት የለኝም።

የአሠራር ጉዳይ ነው አልከኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ስከፍት የኖርኩ ሴት ነኝ። ወረቀት የተነሳበትን ፋይል ሳልከፍተው፣ በክብደቱ አውቀዋለሁ። ያንተ ደብዳቤዎች ቀልለውብኛል።

ገጹን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየሁት። ከቀኗ አጠገብ «የገጹ ባለቤት» የሚል አለ፤ እስከዛሬ ዘልዬው ነበር። ነካሁት። ያንተ ስም ወጣ። እንግዲህ ነሐሴ 30 ገጹን ያየው ወንድሜ አይደለም፣ አንተ ነህ። የዛሬ ዓመትም አንተ ነህ። ያለው ሁሉ ትክክል ነው ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ። እኔ ሞኟ ደግሞ የቀን ማኅተም አይዋሽም ብዬ፣ በሕይወት አለ፣ ግን አኩርፎኛል እያልኩ ተቀምጫለሁ።

አሁን የምነግርህን እናትህም አታውቀውም። እናታችን ባረፈች በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ጻፈልን። ጤናዋን ጠየቀ። እኔም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ «እናታችን ደህና ናት፣ ትስምሃለች» ብዬ መለስኩለት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ ነው። በየወሩ ትስምሃለች አልኩት። ለእሱ ብዬ ነው የሚለውን ለራሴ ስደግመው ኖርኩ። አሁን ያንተን «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ሥራ ይበዛባቸዋል» ሳነብ የራሴን እጅ ጽሑፍ ያየሁ መሰለኝ።

ስለዚህ ደህና ነው አትበለኝ። ወንድሜ ሞቷል? ሞቶ ከሆነ ሞቷል ብለህ ጻፍልኝ። እኔ ያደረግኩበትን አንተ እኔ ላይ አታድርግብኝ።

አክስትህ


ጥር 25

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ አክስቴ፣

አልሞቱም። በመጀመሪያ ይህን ያንብቡ፤ ከፈለጉ እዚህ ላይ አቁመው ውኃ ይጠጡ።

አጎቴ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የወጡት ማስተማር ስላቃታቸው ነው። መጀመሪያ የክፍል ቁጥር ይጠፋባቸው ነበር፤ ከዚያ የተማሪ ስም፤ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ምን ልል ነበር ብለው ተማሪዎቹን ጠየቁ። ሐኪሙ የማስታወስ በሽታ ነው፣ አይመለስም አለን። አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ይበላሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይቀልዳሉ። እኔን አንዳንድ ቀን የእህታቸው ልጅ፣ አንዳንድ ቀን የሕንፃው ጥበቃ አድርገው ያዩኛል። ጥበቃውን ይበልጥ ያከብሩታል።

ልነግርዎ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር «ደህና ናቸው» ብዬ አልፈው ነበር። ጤነኛ ሳሉ የእርስዎን ስም ሳነሳ ወሬ ይቀይሩብኝ ነበር። እንግዲህ ታርቀው ሳይሆን፣ አኩርፈው እንዳሉ ረሱ ብዬ እንዴት ልጻፍልዎ? ቢሯቸውን ባዶ ሳደርግ ደብዳቤዎችዎን አግኝቻለሁ። እስከዚያ የጻፏቸው አሥራ ስድስቱም ተከፍተው በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሦስቱ እኔ ጋ ናቸው። መልስ ግን አላገኘሁም። ተቀይመው ይሁን ይቅር ብለው፣ እኔም አላውቅም።

አሁን ስለ ገጹ። ጡረታ ሲወጡ ባለቤት የሌለው ገጽ ሆነ፣ መነሳት ነበረበት። ግን በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ወረቀት ላይ አትሜ አሳየኋቸው። አነበቡት። «ጎበዝ ሰው ነው» አሉ። በማግስቱም ጠየቁኝ። አሁን ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ ያነቡታል። ማክሰኞ ሲሆን «ዛሬ ይቀበላል» ብለው ይለብሳሉ። እኔ አደርሳቸዋለሁ። ቢሮ ቁጥር 214 አሁን የአንዲት ወጣት መምህርት ነው። በሩ ፊት ለፊት ወንበር አለ። አጎቴ እዚያ ወንበር ላይ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ተቀምጠው ራሳቸውን ይጠብቃሉ። አሥራ አንድ ሲሆን «ዛሬም ሥራ በዝቶበታል» ብለው ይነሳሉ።

ለዚህ ብዬ በየዓመቱ ፈረምኩ። ደንቡ ፎቶ ይታደስ ስለሚል አዲስ ያነሳኋቸውም እኔ ነኝ። «ፈገግ ያሉ» ብዬ የጻፍኩት፣ እንደዚያ እንዲሆኑ ስለፈለግኩ ነው። እርስዎ ከአገር ማዶ ሆነው ያዩትን እኔ አጠገባቸው ቆሜ አላየሁትም።

አለቃዬ ሁሉንም አውቃለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ውሸት ያለበት ገጽ አይቆይም፣ እስከ መጋቢት ይስተካከል ወይ ይነሳ ብላኛለች። ባስተካክለው ምን ልጻፍ? ባነሳው ሰኔ ላይ አዲስ ወረቀት ሲጠይቁኝ ምን አትሜ ልስጣቸው? ወረቀቷ በየሦስት ወሩ ትበጫጨቃለች። ራሴም ውሉ ጠፍቶብኛል አክስቴ።

ይቅር ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 20

ለልጄ፣

እግዜር ይስጥህ። ስላለቀስኩ ሳይሆን ስለጻፍክልኝ። አለቀስኩም፣ እናትህም አለቀሰች፣ ከዚያ «ራሱን ይጠብቃል» የሚለው ላይ ስንደርስ፣ አቶ ለምን እንዲህ ሰዓት አክብሮ ያውቃል እንዴ ብለን ሁለታችንም ሳቅን። ይህን ለማንም አትንገር።

አሁን ስማኝ፤ በመዝገብ ቤት ሥራ ከእኔ የሚበልጥ አለቃህም የለችም። ጡረታ የወጣ ሰው ፋይል አይቃጠልም። ሌላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ። ገጹን አታንሳው። የሚያስተምር የሚለውን ያስተማሩ አድርገው። ከፎቶው ሥር ያለውን «ግራ የገባቸው ሽማግሌ» አትበል፣ ሰው ፊት አናዋርደውም፤ «መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ የሚያዳምጡ» በል። እሱ ውሸት አይሆንም።

ሰዓቱን አስፈላጊ ከሆነ አውጣው። ግን «ለጥያቄ» የሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስልክ ቁጥር አስገባ። ደንባችሁ የሚለው የሚመልስ ሰው ይኑር ነው አይደል? እኔ እመልሳለሁ። አሥር የሥራ ቀን አያስፈልገኝም። ስለ አፈር የሚጠይቅ ከመጣም አፈር ነው እለዋለሁ።

አለቃህ እንቢ ካለች ቁጥር 3306 እስካሁን መልስ አላገኘም አክስቴ ብላሻለች በላት።

አክስትህ


መጋቢት 15

ለምወድዎ አክስቴ፣

ሰላም ለቤታችሁ ሁሉ ይሁን።

ሆኗል። ደብዳቤዎን ለአለቃዬ ተረጎምኩላት፤ ስለ 3306 ያሉትንም ጭምር። ሳቀች፣ ቀጥላ ግን ደንቡን አውጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ አገላበጠች። የባለቤቱ ቤተሰብ ስልክ አይገባም የሚል አንቀጽ አላገኘችም። ገጹ አሁን «የቀድሞ መምህራን» የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። የአፈር ሳይንስ ያስተማሩ፣ ቢሮ ቁጥር 214 ይላል። ሰዓቱ ወጥቷል። 3306 ተዘግቷል፣ «ትክክለኛ ጥቆማ» ተብሎ።

አዲሱን አትሜ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ምን እንደገባቸው አላውቅም። ማክሰኞ ሲሆን ግን ያለ ሰዓቱም ለብሰው በር ላይ ቆሙ። መምህርቷ ወንበሩ እንዲቆይ ፈቅዳለች። ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ስልክ ከትቼላቸዋለሁ፣ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ወደ እናንተ ትደውላለች፤ አጠቃቀሟን ያስታውሱ እንደሆነ እንጃ። ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ብዬ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 6

ለልጄ፣

ይህን የምጽፍልህ እንደተዘጋ ነው፣ ስልኩ ገና ይሞቃል። ቃል ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ልብስ ላሰጣ ስወጣ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው። አነሳሁ።

«የመምህሩ ስልክ ነው?» አለ። አገር ከለቀቀ ጀምሮ፣ ድምፁን ከሰማሁ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሸምግሏል፣ ግን እሱ ነው። እርጥቡ ልብስ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ነው» አልኩት።

«በራቸው ላይ ነኝ። ብዙ ጠበቅኩ።»

«ትንሽ ዘግይቷል። እኔ እቀበላለሁ፤ ምን ልበልልዎ?»

አሰበ። የማሰብ ድምፁን ታውቀዋለህ፣ በአፍንጫው እም ይላል። «ተማሪ አይደለሁም» አለ። «አንድ ነገር ላስታውሰው ነው የምመላለሰው። ይህ ሰውዬ እህት አለችው። ድሮ ክፉ ቃል ጽፎላታል። ከዚያ በኋላ ልጻፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ‹ለእህቴ› ይላል፣ ያፍርና እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ወረቀቱን ቀድዶ ይጥለዋል። አኩርፏል ብላ ታስባለች እኮ። ዛሬውኑ ይጻፍላት በይልኝ። ይረሳል።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩና በእርጥቡ ልብስ ፊቴን ጠረግኩ። ከዚያ፣ «አለሽ?» አለ።

«አለሁ» አልኩት። «ጽፏል። ደርሷታል።»

«መቼ?»

«ዛሬ።»

«እንዴ!» አለ። እንደ ልጅነቱ። «ምን አለች?»

«እሷም ክፉ ነገር አድርጋበት ነበር፣ ይቅር በለኝ ብላዋለች።»

«ለምን?» አለ። አየህ፣ አቶ ለምን! ከዚያ መልሴን ሳይጠብቅ፣ «እንግዲያ ጥሩ ነው፣ ልሂድ። ማክሰኞ ልደውል ወይ?» አለኝ።

«ማክሰኞ እቀበላለሁ» አልኩት።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰዓቱን ገጹ ላይ መልሰው፤ አሁን እውነት ነው። የታየበትንም ቀን የዛሬን ጻፍበት። እኔ አይቼዋለሁ፣ ያለው ሁሉ ትክክል ነው።

አክስትህ